የኋላው መቀመጫ

አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ በወረድኩ ቁጥር አንድ አዛውንት አያለሁ። የቡናማ ኮታቸው ክርን ላይ ቆዳ ተለጥፏል። አሮጌ ሞተር ሳይክላቸውን ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማሉ። ነዳጅ መያዣው ላይ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛ ፊደል፣ «ቡልታኮ» ብለው ጽፈውበታል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ ሳላነብ አላልፍም። ዓሣቸውን መሪው ላይ ያንጠለጥላሉ እንጂ የኋላው መቀመጫ ላይ አያስቀምጡም። መቀመጫውን በመሐረብ ይጠርጉታል። ሰው ተቀምጦበት ግን አይቼ አላውቅም።

ዛሬ «ቆራሌው» እያለ አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰውዬ መጣና ጎማውን በጫማው ነካ ነካ አደረገው።

«አባባ፣ ይሄ እኮ መለዋወጫ የለውም። ፋብሪካው ራሱ ሞቷል። በኪሎ ልውሰድልዎት?» አለና የኋላውን መቀመጫ በመዳፉ መታው።

ደሜ ፈላ። የሰው ንብረት፣ ባለቤቱ ቆሞ እያየ፣ እንዲህ ይደበደባል?

«እጅህን አንሣ!» አሉ አዛውንቱ። ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ቡልታኮ የሚባለው የስፔን ፋብሪካ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። ከሰረና ተዘጋ። ሠላሳ ዓመት ሞተ ሲባል ቆይቶ ሌሎች ስሙን አንሥተው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ሠሩበት። የሞተው እንኳ ተነሥቷል፤ አንተ ያልሞተውን ልትመዝን መጣህ?»

ሰውዬው እየሳቀ ሄደ። ምን ያስቃል!

አዛውንቱ መቀመጫውን እንደገና ጠረጉ። ሞተሩን ሦስት ጊዜ ረገጡት፤ በአራተኛው ተነሣ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ ባዶው መቀመጫ ዞር ብለው፣ ቀስ አድርገው፣ «አጥብቀሽ ያዥኝ» አሉ።