ውሃ የሚያስገባው የውሃ ልብስ

ዛሬ ሸዋ በር ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አንድ ጆግ ውሃ በአንገቴ በኩል ልብሴ ውስጥ ተደፋብኝ። ወላሂ እኔው ነኝ ያስደፋሁት!

ነገ ሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ መቅዘፍ እጀምራለሁ። አለቃዬ «የውሃ ልብስ ይዘህ ና፤ ካልያዝክ ሥራው የለም» ብሎኛል።

ሰልባጅ የሚሸጡት እትዬ ፋጡማ ከቦንዳው ውስጥ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ሱሪና ሸሚዙ አንድ ላይ የተሰፋ ጥቁር ነገር አወጡልኝ።

«ይሄ ጠብታ አያስገባም!»

«እትዬ፣ እርስዎ ወንፊትም ቢሸጡ ‹አያፈስም› ነው የሚሉት።»

«ልበሰው አንተ ቀልማዳ!»

ለበስኩት። «እስቲ ውሃ ያፍስሱብኝ» አልኳቸው፤ አፈሰሱ። ውሃው በአንገቴ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ!

ስቄባቸው ሳልጨርስ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ ሰውዬ «አቦ፣ መግባቱ እኮ ነው ደጉ! የገባው ውሃ ገላህ ላይ ይሞቅና አንተን ያሞቅሃል» አለኝ።

እትዬ ፋጡማ ወዲያው «እኔስ ምን አልኩ?» ብለው ዋጋ ጨመሩብኝ።

ገዛሁት፤ ግን እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። የውሃ ልብስ የሚለበሰው ለመራስ ነው ላለመራስ?

ለብሳችሁ የምታውቁ፣ የደረሰባችሁን ጻፉልኝ። ዋና አለመቻሌን ግን ለአለቃዬ እንዳትነግሩብኝ፤ እሱን ልብሱ ይችልልኛል ብዬ ነው።