ጃንጥላው እስኪያርፍ የሚጠብቀው አማካይ

እሑድ እሑድ ዶና አልዚራ በፖርቱጋሏ ትንሽ ከተማቸው የእግር ኳስ ሜዳ፣ ከማዕዘኑ ባንዲራ ጀርባ ቆመው ግብጦ ይልጣሉ። የሟች ባላቸው ጃንጥላ ከእጃቸው አይለይም፤ ለዝናብ ሳይሆን፣ ኳስ ሊያሻማ የሚመጣውን እንግዳ ተጫዋች የሚነርቱበት ነው።

የዛሬው አማካይ ገና አሥራ ስምንት አልሞላውም። ከሊዝቦን የመጣ ነው፤ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ማልያው ሰፍቶታል፣ ካልሲው በደም ርሷል። የሰፈሩ ተከላካዮች ቁርጭምጭሚቱን ሁለቴ ጠልዘውታል፤ አፍንጫውንም በክርን ሰብረውታል። ልጁ ግን በወደቀ ቁጥር ተነስቶ ይሮጣል።

ለመጀመሪያው የማዕዘን ምት ሲመጣ ጃንጥላው ጆሮውን ተረተረው። ዞር ብሎ አላየም። በሁለተኛው ዘንጉ ጀርባው ላይ ጎበጠ።

"ይድገሙት፣ ዶና! ይሄን የሊዝቦን ሞልቃቃ!" አለ ሕዝቡ።

በሦስተኛው ልጁ ኳሷን አስቀመጠና ሳያሻማ ቆመ። አንገቱን ደፋ፤ ትከሻውን ሰበሰበ፤ ዐይኑን ጨፈነ።

"ይጨርሱ፣ እማማ" አለ ቀስ ብሎ። "ከዚያ አሻማለሁ።"

"በሉት እንጂ!" ሕዝቡ ይጮኻል።

ዶና አልዚራ ጃንጥላውን እንዳነሱ ቀሩ። ባላቸው ይህንኑ ጃንጥላ ባነሳ ቁጥር፣ እሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር ዐይናቸውን ጨፍነው የጠበቁት።