ያልተጣራው ውኃ

ባለቤቴ ተናኘ ቁጭ ማለት አትችልም፤ ሲፈጥራትም እንዲያው ናት። በፈረንጆቹ 2008 የጸደይ ወራት ግን ባሰባት። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ስቶቭነር በሚባል ሰፈር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ጠበበቻት። የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች፣ መስኮት ከፍታ ትዘጋለች። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ ስገባ እሷን ማየቱ ራሱ ያደክመኛል። ምን ነካሽ ስላት ምንም ትለኛለች። ወይ ምንም!

ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ፊዮርድ ከሚሉት የባሕር ሰርጥ ወለል የወጣ ጭቃ ያመጡላታል። እሷ ጭቃው ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች፣ በባሕር ውኃ በተዘጋጀ ምግብ ላይ በትናንሽ ሳህን ታበቅላለች። የሚፈልጉት መድኃኒት ያልበገረውን የሆስፒታል ጀርም የምትገድል ባክቴሪያ ነው። ለጭቃ ይህን ያህል ሽር ጉድ ብዬ አሹፌባት አውቃለሁ። ጥር ላይ አንዷ ገደለች። በዙሪያዋ ጀርሙ ድርሽ ያላለበት ንጹሕ ክብ ታየ። ያን ቀን ተናኘ ልጃችንን ኤልልታን አቅፋ ቤቱን ዞረችው።

ከዚያ ወዲያ ባክቴሪያዋ አሻፈረኝ አለች። ትበቅላለች፣ አትገድልም። አለቃዋ ሲሴል ግንቦት ላይ እስከሚውለው የአገሩ ብሔራዊ በዓል፣ እስከ 17 ማይ፣ ካልተሳካ እንጥላታለን አለች።

አንድ እሑድ ሁሉንም ነገረችኝ። ደንቡ የባሕሩን ውኃ አጣርቶ መቀቀል ነው። ጥር ላይ ባክቴሪያዋ የገደለች ጊዜ ግን ኤልልታን ከባርነሃገ፣ ከሕፃናት መዋያው፣ የምታወጣበት ሰዓት ደርሶባት፣ ድፍርሱን እንዳለ ቀቀለችው። መዝገቡ ላይ ግን ተጣርቷል ብላ ፈረመች። መዝገቡ ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ! ከዚያ በኋላ እሷም ሌሎቹም እያጣሩ ነው የሚሠሩት። ባክቴሪያዋ የምትገድለው በድፍርሱ ውኃ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ፈራሁ። ኮንትራቷ በጋ ላይ ያልቃል፤ ቋሚ እናደርግሻለን ተብላለች። ዝም ብለሽ በድፍርሱ ሥሪና አጣርቻለሁ በይ አልኳት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

“እኔ ብቻ የምችለው መድኃኒት ለማን ይሆናል?” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ለሲሴል ተናዘዘች። ሲሴል አልጮኸችም። መዝገቡን አውጥታ በገዛ እጇ አሳረመቻት። ዓርብ ደብዳቤ ደረሳት፤ ቋሚ ሥራው ቀረ። እኔ ስበሳጭ ከረምኩ። እውነት ተናግራ ቋሚ ሥራ ትከልከል? ለሲሴል ልደውል ስል ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

የበዓሉ ዋዜማ ቤት ስገባ ተናኘ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥኩ። ቀና ስትል ፊቷ በርቷል።

“ገደለችው እኮ፣ አበጋዝ” አለችኝ። “እኔ አልነካኋትም። በቅርቡ የተቀጠረችው አዲሷ ልጅ ናት የሠራችው፣ ከታረመው መዝገብ አንብባ።”