በመጋዘኑ ውስጥ የተነገረ መርዶ

አስረው ያስገቡኝ ሰቆጣ ውስጥ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ነቀዝ በየስንጥቁ ይሄዳል። ስድስት ሴቶች ተቀምጠው ነበር፤ ሰባተኛዋ እኔ ሆንኩ። የተጠየቅሁት ቤቴ ስላደረ እንግዳ ነው። የማውቀውን ተናገርኩ፤ አልበቃም።

በሩ አጠገብ የፃግብጂ ገበሬ ሚስት ተኝታለች። ሲይዟት ወድቃ እግሯ ከጉልበቷ በታች ቆስሏል። ከእኛ አንዷ ነርስ ነበረች። በየቀኑ በጨው ውሃ ታጥብላታለች፤ ከውጭ የሚገባላትን መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣታለች። ቁስሉ ግን አልገጥም አለ። ሆስፒታል ትሂድ ብለን ጠየቅን፤ አልተፈቀደም። በዚሁ ከቀጠለ እግሯን ታጣለች አለችኝ ነርሷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ስንቅ የምታመጣልኝ እህቴ ናት። አንድ ቀን በር ላይ የሴትዮዋ ባል መሞቱን ነገረችኝ። ዘመዶቹ አደራ ብለዋል፤ ታማ ሳለች፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገራትም፤ ስትፈታ አገሯ ገብታ ትረዳለች። ወጉ እንደዚያ ነው፤ እኔም ያደግሁበት ስለሆነ አልተከራከርኩም። ከዚያ ወዲህ እህቴ መጥታ በሄደች ቁጥር፣ ሴትዮዋን ባልሽ ደህና ነው አሉ እላታለሁ። የሰጠኋትን እንጀራ ወደ ጎን ታደርገዋለች።

ሴትዮዋ እንቅልፍ በወሰዳት ሰዓት ነገሩን ለነርሷና ለሌሎቹ አወጣሁት።

«ሰውነት የራሱ ዘበኛ አለው፣ እትዬ» አለች ነርሷ።

«የውጮቹ አልበቁ ብለው በውስጥም ዘበኛ አለን?» አለች አንዷ።

ነርሷ አልሳቀችም። በደም ውስጥ እየዞሩ ጀርም የሚበሉ፣ ቁስል የሚጠግኑ ሕዋሳት እንዳሉ ነገረችን። አእምሮ ሲደነግጥ ወሬው ይደርሳቸዋል፤ ለአንድ ቀን ድንጋጤ ይነቃሉ። ጭንቀቱ ወር ሲያልፈው ግን እነሱም ይደክማሉ።

«መርዶውን ባትሰማም መጠበቁ እየጨረሳት ነው» አለች።

ይነገራት ተባባልን። እንድነግራት የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በዕድሜ ትልቋ ነበርኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም ከበናት ተቀመጥን። ዘመድ ባይኖርም ሰው ነበር። ነገርኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ሳልጠይቅዎ ደህና ነው ሲሉኝ ነው ያወቅሁት።»



ጩኸት ክልክል ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኛ ነጠላችንን አዘቀዘቅን፤ ጥለቱን ወደ ላይ አደረግነው። ዘቡ ለቆጠራ ገባና ነጠላችንን አየ። ምን መሆናችሁ ነው አለ።

«ሐዘን ላይ ነን» አልኩት።

አስተካክሉ አለ። ማናችንም ነጠላችንን አልነካንም። ከዚያ ቆጥሮን ወጣ። እስከ ሦስተኛው ቀን እንደዚያው ሆነን ተቆጠርን።

በአራተኛው ቀን እንጀራዋን ጨረሰች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቁስሉ ጠርዝ መድረቅ ጀመረ። መድኃኒቱም አለበት፣ ሁሉን ለለቅሶው አንስጥ አለች ነርሷ። እኔም አልሰጥም። ደህና ነው እያልኩ ያሳለፍኳቸውን ሳምንታት ግን ለማንም አላካፍልም፤ የእኔ ናቸው።

አሁን ቤቴ ነኝ። ሴትዮዋ ትንሽ እያነከሰች ገበያ ትወጣለች ይላሉ። እኔን ጉንፋን ከያዘኝ ወር ሳይሞላው አይለቀኝም። ባለፈው ሕክምና ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ደረቴን አዳምጦ ሲያበቃ፣ የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩት።

ካርዱ ላይ ጻፈው።