በር ላይ ነኝ ያልኩበት ቀን

አያቴ ደብረ ማርቆስ ስታዲየም ሲገቡ ጋቢያቸውን ለሁለት አጥፈው ከጎናቸው ያለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ያነጥፉ ነበር። ኳስም ይሁን በዓል ወይም የከተማው ስብሰባ፣ ያ ቦታ የእኔ ነበር። ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሰው አለበት።»

ስታዲየም ለመጨረሻ ጊዜ የገቡ ቀን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የት ደረስህ?»

«አባባ፣ በር ላይ ነኝ» አልኳቸው። ገና መንገድ ላይ፣ ሉማሜ ከተማ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅም አልደረስኩም።

ያረፉት ከወራት በኋላ ነው። ለቅሶ የመጡት ጎረቤታችን ያንን ቀን አነሱብኝ። «ዝናቡ ሲወርድ ጋቢውን ይልበሱ ብለን ለመንናቸው። ‹ልጁ በር ላይ ነው፤ አሁን ይገባል› ብለው እምቢ አሉን።»

ባለፈው እሑድ ጋቢያቸውን ይዤ ሄድኩ። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ በእሳቸው ቦታ አነጠፍኩት። ኳሱ ሳይጀመር አንድ ሰውዬ አጠገቤ ቆመና «ሰው አለበት?» አለኝ።

ጋቢውን አነሳሁለት።

አባባ፣ እርስዎ የእኔን ቦታ በዝናብ አልለቀቁም፤ እኔ የእርስዎን በፀሐይ ለቀቅኩት።