መርዶ ላይ የጨፈረች ሞተሬ

ሞተሬ ላይ መብራት የገጠምኩት ለማማር ነው። ዛሬ ሰው ሲጠይቀኝ "ጨለማ ላይ መኪና እንዳይገጨኝ ብዬ ነው" የምለው ቅጥፈት ነው። ዱባይ ተራ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቻርጀር፣ ኬብል፣ ከቨር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ከሱቄ ፊት ለፊት የመኪና ጌጥ የሚሸጥ ጎረቤቴ አንድ ቀን ጥቅል ኤል ኢ ዲ መብራት ዘርግቶ አሳየኝ። እንደ ሪባን የሚተጣጠፍ፣ ጀርባው ላይ ማጣበቂያ ያለው፣ ቀለሙ የሚቀያየር። ከዚያ ስልኩ ላይ ዘፈን ከፈተ፤ መብራቱም ከዘፈኑ ጋር መጨፈር ጀመረ። ከበሮው ሲመታ ቀይ፣ ዘፋኙ ድምፁን ሲያነሳ ሰማያዊ። "ድምፅ ይሰማል፣ ውስጡ ማይክ አለው" አለኝ። በቃ፣ ልቤ እዚያው ቀረ።

ሞተሯ የዕቃ ማድረሻ ናት። ፈቃዷን ለማውጣት ያየሁትን አበሳ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ጎጃም በረንዳ ጀርባ ካለው ግቢያችን ደጅ አቁሜ ሁለት እሁድ ሙሉ ስጎነጉን ዋልኩ። በታንከሩ ስር፣ በሞተሩ ግራና ቀኝ፣ በኋላ መቀመጫው ስር መብራቱን አዞርኩላት፤ ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለልኩ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሃል ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገባል። ካርቶኑ ውስጥም ነበረ፤ አውራ ጣት የማታክል ጥቁር ነገር። እኔ ግን ሞተሬ መብራቷ ጠፍቶ እንድትታይ አልፈለግኩም። ቁልፍ ሲዞር አብሮ ቦግ እንዲል ሽቦውን በቀጥታ ከቁልፉ መስመር ጋር ቀጠልኩና ማጥፊያዋን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። እስካሁን እዚያው ናት።

አሁን ስለ ጋሼ ልናገር። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ሰማይና ምድር ሳይላቀቅ ይነሱና በየቅያሱ መግቢያ ቆመው ይነፋሉ፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራሉ። እኔ ነፍስ ሳላውቅ የጀመሩት ሥራ ነው። ባለፈው ክረምት ግን ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋረደው። የእድሩ ኮሚቴ ከእንግዲህ መርዶ በስልክ መልእክት ይላክ የሚል ነገር ማንሳት ጀመረ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ግድግዳ ይዘው እኔ ቤት ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ እግር ሁነኝ" አሉኝ። "ጥሩምባውን ከተቀበሉኝ ቤት ተቀምጬ ምን ልሆን ነው? እግሬ ነው እንጂ ሳንባዬ ደህና ነው።"

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ" አልኳቸው። ከልቤ ነበር። እኔ አፈናጥጬ ልወስዳቸው፣ እሳቸው ሊነፉ ተስማማን። ኮሚቴውም እስቲ እንያችሁ አለ፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ግን ጥሩምባው ይመለሳል ተባለ። መብራቱን የገጠምኩት ይህን ከተስማማን በኋላ ነው። ሁለቱ ነገር ይገናኛል ብዬ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይሄ?

የመጀመሪያዋ መርዶአችን አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲሸጡ የኖሩ እትዬ ነበሩ፤ ከኛ ቤት ሦስት ቅያስ ወረድ ብሎ ነው ቤታቸው። ልጃቸው አብሮ አደጌ ነው። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ በሬን ቆረቆሩት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጥሩምባውን ብብታቸው ስር ይዘዋል። ደግፌ አወጣኋቸውና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሯ ከነመብራቷ ተነሳች። እኔ እንቅልፌን አልጨረስኩም፣ እሳቸው አያዩም፤ ወጣን።

የመጀመሪያው ቅያስ ላይ ቆምን። ጋሼ ወርደው መውጣት ስለማይችሉ እንደተቀመጡ ነው የሚነፉት፤ ሞተሯንም አላጠፋኋትም፣ ጠዋት ጠዋት አንዴ ከጠፋች አሥር ጊዜ ካልተረገጠች አትነሳም። ጥሩምባውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ረዘም አድርገው ነፉ። ፊት ለፊቴ ያለው የቆርቆሮ አጥር ቀይ ሆነ። አረንጓዴ ሆነ። ጥሩምባው ከፍ ሲል ሰማያዊ፣ ዝቅ ሲል ሐምራዊ፣ ትንፋሽ ሲስቡ ጨለማ።

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እንዴት ያምራል አልኩ በልቤ። ክው ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። እጄን ወደ ታንከሩ ስር ሰድጄ ሽቦዋን አንዴ ብጎትታት ትበጠስ ነበር፤ ነክቻትም ነበር። ሁለቱ እሁዴ አሳዘነኝ። ገና ሰው አልተነሳም፣ ማን ያየናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሰው ሊቀሰቅሱ የወጡ ሽማግሌ ከኋላዬ አፈናጥጬ!

ሁለተኛው ቅያስ ላይ በሮች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ከአጥር ውስጥ "ሠርግ ነው እንዴ?" ስትል ሰማኋት። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸናል። ጋሼ የሟቿን ስም ሲናገሩ ሴትየዋ "ውይ በሞትኩት" አለች፤ የሚቀርጸው ግን አላቆመም። ያኔም ሽቦውን አልበጠስኩትም። ማርሽ አስገብቼ ወደሚቀጥለው ቅያስ ነዳሁ።

ሦስተኛው የእትዬ ቅያስ ነው። ጋሼ ነፉ፣ መብራቱ ጨፈረ፣ ልጃቸው ወጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፣ ዓይኑ አብጧል። መብራቱን ሳይሆን እኔን አየኝ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

"እናቴ ናት እኮ" አለኝና ተመልሶ ገባ።

"ማነው? ምን አለህ?" አሉ ጋሼ ከኋላዬ።

"ምንም አላለም ጋሼ" አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ቪዲዮው በዚያው ቀን ሰፈሩን አዳረሰ። ከሰልስቱ በኋላ ኮሚቴው ሁለታችንንም እድር ቤት ጠራን። የእትዬ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ "መርዶን መጫወቻ ያደረገው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ጉሮሮዬን እየጠረግኩ እያለሁ ጋሼ ቀደሙኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ዓይኔ እንደምታውቁት ነው። መንገዱ እንዲታየኝ መብራት አድርግበት ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ጭጭ አልኩ። ይህን ዝምታ ለማሳመር ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ሽማግሌ ማሳጣት ነውር ነው፣ ምናምን። አልሆነልኝም። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ጋሼ ጥሩምባውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ፣ አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረጉት፣ እየዳበሱ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ቤታቸው ድረስ ደግፌ ስወስዳቸው ስለ ዝናቡ ነበር ያወሩኝ።

በማግስቱ መብራቱን ገነጣጥዬ ጣልኩት። ማጣበቂያው ግን አልለቅ ብሎ ታንከሩ ላይ እንደ እከክ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በጋሼ በር ላለማለፍ በሌላ ቅያስ ስዞር ከረምኩ። ወር አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ ጨክኜ ገባሁ። ሬዲዮ እያዳመጡ ነበር፤ ድምፄን ሲሰሙ ዘጉት።

"ለምን እኔ ነኝ አሉ ጋሼ?" አልኳቸው።

"አንተ እዚህ ሰፈር ገና የምትኖር ነህ። ጥሩምባውን ከእኔ ዛሬ ባይቀበሉኝ ነገ መቀበላቸው አይቀርም።" ወደኔ ዞር አሉ። "እኔ የምለው፣ መብራቱ ምን ይመስል ነበር? ሁሉ ያወራል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።"

ነገርኳቸው። ጥሩምባውን እየሰማ እንደሚበራ፣ ከፍ ሲያደርጉት ሰማያዊ እንደሚሆን፣ ትንፋሽ ሲስቡ እንደሚጠፋ።

"ያምር ነበር?"

"አዎ ጋሼ፣ ያምር ነበር" አልኩ። ፊቴ ነደደ። ዓይናቸው ስለማያይ ተመስገን አልኩ፤ በዚህም ደግሞ አፈርኩ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የእድሩ መልእክት ነበር።

"ማነው የሞተው?" አሉ ጋሼ። የእድሩን መልእክት ድምፅ በየቤቱ ሲጮህ ሰምተው ለይተውታል።

ስሙን ነገርኳቸው። ከታች ሰፈር አንድ አዛውንት ናቸው። ቀኝ እጃቸው ወደ ብብታቸው ሄዶ ተመለሰ። "ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ። ነገርኳቸው።

"በል ደጅ ወጥተህ ከፍ አድርገህ ተናገረው። ከጎን ያሉት ባልቴት ስልክ የላቸውም፤ ሰሞኑን ሁለት ቀብር አምልጧቸው ሲያለቅሱ ነበር።"

በሩ ላይ ቆምኩ። የሟቹን ስም፣ ቤተክርስቲያኑን፣ ሰዓቱን ተናገርኩ። ቀኑን ሙሉ ገበያ መሃል ስጮህ የምውል ሰውዬ ድምፄ እግሬ ስር ወደቀ። ከጎን ቤት ማንም ብቅ አላለም። ጋሼ ከውስጥ፣ እንደተቀመጡ፣ ያንኑ ከፍ አድርገው ቃል በቃል ደገሙት።

የባልቴቷ በር የተከፈተው ያኔ ነው።