ገመዱን የያዘችው እናት

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩት ሴቶች «ጭንቄ» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት በቀልድ ነው። አምቡላንስ እየጮኸ ግቢ በገባ ቁጥር በእጇ ያለውን አንሶላ ጥላ ወደ በሩ ትሮጣለች፤ የወረደውን በሽተኛ አይታ «የኔ አይደለችም» ትልና ትመለሳለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጭንቀት ደመወዝ ቢኖረው እኮ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ነበርሽ» ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች። ሆዷ ግን አይስቅም።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሻዩን ቆሞ ፉት አለ፣ የልጁን ግንባር ሳመ፣ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ከአንድ ፎቅ የእንጨት መወጣጫ ላይ ወደቀ። ያመጡት እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ነበር። የአምቡላንሱን ጩኸት ሰምታዋለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ሆስፒታል ውስጥ አምቡላንስ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? አንሶላዋን እያጠፈች ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንዱንም አታሳልፍም።

የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት። ሚጣ ትላታለች። አባቷ ሲሞት ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ነበረች፤ አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናትየው እንደ ዓይኗ ብሌን ትጠብቃታለች ማለት ያንሳል። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፤ በቃ። «ገባሽ?» «ገባሁ።» «በሩን ቆለፍሽ?» «ቆለፍኩ።» «ምድጃ እንዳትነኪ!» «አልነካም እማዬ።» ስልኩ ይዘጋል፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይጠራል።

ልጅቷ አላስቸገረችም። ችግሩም ይኸው ነበር። ቀስ በቀስ ጭራሽ ድምጿ ጠፋ። ስትጠራ «አቤት» ትላለች፣ ሲሰጧት ትበላለች፣ ሲመሽ ትተኛለች። አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዋ እናትየውን አስጠርታ፣ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ አለች፣ ግን የለችም» አለቻት። ያን ቀን እናትየው በአውቶቡስ ስትመለስ መውረጃዋን አለፈች።

የጎረቤት ፀጉር ሠሪዋ ናት መላውን ያመጣችው። ወሬ የማያመልጣት፣ ሆዷ ግን ንጹሕ የሆነች ሴት ናት። «ስሚኝ» አለቻት፣ «ልጅን እንደ ወርቅ ቆልፈሽ ብታስቀምጪ አይባረክልሽም። ከገበያው ጀርባ ያለውን የድሮ የእህል መጋዘን ታውቂው የለ? የሰፈር ሰው ተሰባስቦ የልጆች ማዕከል አድርጎታል። ከትምህርት ቤት ሲወጡ ያስጠኗቸዋል፣ መክሰስ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ሁሉም በነፃ ነው። የኔን ሁለቱን ወስጃቸው ይኸው ቤቴ ፀጥ ብሏል።»

«ያንቺዎቹ እኮ ፀጥ እንዲሉ ነው። የኔ ፀጥታዋ ነው የገደለኝ።»

«እንግዲያው እዚያ ሄዳ ከኔዎቹ ጩኸት ትበደር!»

ሄደች። ግን ለምርመራ የመጣች የመንግሥት ሠራተኛ ነበር የምትመስለው። የደረጃውን መደገፊያ ነቀነቀች፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሞከረች፣ ሽንት ቤቱን ከፍታ አየች። አስተባባሪው ሽበታም የጡረታ መምህር ናቸው፤ ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ከኋላ ከኋላዋ ተከተሏት እንጂ አልቸኮሉም። የንባብ ክፍሉን አሳዩዋት፤ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው ሒሳብ ሲያስጠኑ አየች። «ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ» አሏት፣ «ወላጅ የሞተባቸው ልጆች ከኔ ጋር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ማውራት የፈለገ ያወራል፣ ያልፈለገ ሥዕል ይሥላል።» የኋለኛው አዳራሽ ተዘግቶ ነበር። «እሱ የስፖርት ነው» አሉ። እሷም ስፖርት ሲባል ኳስ መሰላትና አለፈችው።

በወራት ውስጥ ሚጣ ተለወጠች። መጀመሪያ የመጣው ምግብ ነው፤ ሳህኗን ጨርሳ «አለ እንዴ?» ማለት ጀመረች። ከዚያ ዘፈን፤ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ሌላ እናት ብትሆን ተመስገን ብላ እግሯን ዘርግታ ትተኛ ነበር። እሷ ግን ደስታውንም ፈራችው። በተለይ የልጅቷ መዳፍ አላስተኛት አለ። ውስጡ ጠጥሯል፣ ጣቶቿ ሥር ቆዳው ተልጧል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ከጨዋታ ነው እማዬ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ቆዳ የሚልጥ?»

«ጨዋታ ነዋ!» ብላ እጇን ቀማቻት።

አንድ ቅዳሜ የማጠቢያው ትልቁ ማሽን ተበላሸና ሠራተኞቹ ቀደም ብለው ተሰናበቱ። እግሯ በቀጥታ ወደ ማዕከሉ ወሰዳት። ግቢው ባዶ ነው። ከኋለኛው አዳራሽ የልጆች ጩኸት ይሰማል፤ «በርቺ! በግራ! በግራ እግርሽ!» ይላሉ። በሩን ገፋ አደረገችው።

አንዱ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ እየጨበጡና እየረገጡ የሚወጡባቸው ባለቀለም ጉብታዎች ተሰክተውበታል። ልጆቹ ወደ ላይ አንጋጠዋል። ጣራው ሥር፣ ሰው ሊደርስበት በማይገባው ቦታ፣ የምታውቀውን ቢጫ ሹራብ ያደረገች ልጅ በአንድ እጇ ተንጠልጥላለች።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። ብጮህ ትደነግጣለች፣ ብትደነግጥ ትወድቃለች ብላ በእጇ አፏን ያዘች። በሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ልጅቷ ጫፍ ደርሳ በመዳፏ ጣራውን መታች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ በገመድ ተንሸራታ ወረደችና ዘወር ስትል ከእናቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

አሠልጣኟ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ክንዷ እንደ አናጢ ክንድ የጠነከረ። ሮጣ መጣች። «እትዬ፣ ይረጋጉ፣ ገመድ አላት፣ ቀበቶ አላት፣ ከታች ደግሞ...»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እናቴ ታውቃለች አለችኝ።»

«አመንሻት?»

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። «አመንኳት። ደውዬ ልጠይቅዎት ሲገባ አልደወልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እናትየው ልጇን በክንዷ ይዛ ወጣች፤ መንገዱን ሁሉ አልለቀቀቻትም። ቤት ሲገቡ፣ «ሁለተኛ እዚያ ቤት እግርሽ አይረግጥም» አለች። ሚጣ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። «እሺ» አለች፤ እንደ ድሮው።

እንደ ድሮው ሆነም። ሳህኑ ሳይነካ ይነሳ ጀመር። ማንጎራጎሩ ቆመ። እናትየው ሥራ ላይ ሆና ትደውላለች፤ «ገባሽ?» «ገባሁ።» ከዚያ በኋላ የሚሆነው ዝምታ ነው። አንድ ማታ ልጇ የቤቱን ግድግዳ ትኩር ብላ ስታይ አየቻትና፣ ከፍታው ይሻላል ወይስ ይሄ ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱን ፈራችው።

እሑድ ከሰዓት አስተባባሪውና አሠልጣኟ በሩን አንኳኩ። ሻይ አቀረበችላቸው እንጂ ፊቷን አልፈታችም። አዛውንቱ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ልንከራከርዎት አልመጣንም» አሉ። «ግድግዳውን ይቅርባት ካሉ ይቅርባት። ጥናቱንና የሐሙሱን ክብ ግን አይከልክሏት። በዚያ ክብ ውስጥ ስንት ወር ሥዕል ስትሥል ቆይታ ገና መናገር ጀምራ ነበር።»

«ምን ተናገረች?»

«እሱን እሷ ነች የምትነግርዎት።»

ይህ አንጀቷን ቆረጠው። ልጄ ለባዳ የነገረችውን ለእኔ አልነገረችኝም! ልትቆጣ ስትል አሠልጣኟ ቀደመቻት። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልበል። ጣራው ጋ ቀለበት አለ፤ ገመዱ በዚያ ዞሮ ከታች በቆመ ሰው እጅ ይመለሳል። ልጅቷ ብትስት የሚይዛት ያ ሰው ነው። ይምጡና እርስዎ ይያዙት።»

«እኔ? ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል መቀየር የምፈራው ሴትዮ?»

«የሚፈራ ሰው ነው የምፈልገው። የማይፈራ ሰው ገመድ ይዞ ስልኩን ያያል።»

ሚጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር። እናትየው ወደዚያ አላየችም፤ ግን መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየችው።

መጀመሪያ የተለማመደችው በአሸዋ ከረጢት ነው። ገመዱ ቆንጥጦ በሚይዝ ብረት ውስጥ ያልፋል፤ ቀኝ እጅ ለአፍታም አይለቅም። ከረጢቱ በተለቀቀ ቁጥር እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች። «ዓይን ይከፈት!» ትላለች አሠልጣኟ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ቀበቶ ታጥቀው፣ ሆዳቸውን ታቅፈው ሦስት ጉብታ ያህል ወጡና፣ «ልወድቅ ነው፣ ኑዛዜዬን አደራ!» ብለው ራሳቸውን ለቀቁ። ያዘቻቸው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሷ ግን ላብ አጥምቋታል። እርጥብ አንሶላ ሲጠመዝዝ የኖረ ክንድ ጉልበት አያንሰውም፤ የጎደላት ድፍረት ነው።

ተራው የሚጣ ሆነ። እናትየው ቋጠሮውን ዳበሰች፤ ደግማ ዳበሰች፤ አሠልጣኟን «እስቲ አንቺም እዪው» አለች። ልጅቷ መውጣት ጀመረች። ብዙም ሳትርቅ ቆመች።

«እማዬ!»

«ምን ሆንሽ? ምን ሆንሽ?»

«ገመዱን አላዪልኝ እንጂ! ወደ ላይ ጎትተሽ ሰቅለሽኛል እኮ፤ እኔ አይደለሁም የምወጣው፣ አንቺ ነሽ!»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ትንሽ አላላች፤ ትንሽ ብቻ። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል። ልጅቷ በወጣች ቁጥር ትንሽ እየላላ፣ እየጠበቀ፣ ሁለቱም ቀስ በቀስ ለመዱት። ቅዳሜ በቅዳሜ ሆነ። አርብ ማታ እንቅልፍ የለም፤ ግን ትመጣለች።

አንድ ቅዳሜ ሚጣ አዲስ መንገድ ልትሞክር ወጣች። ጣራው ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ግራ እግሯ ከጉብታው ሸተት አለ። ድምፅ አላሰማችም። ቢጫው ሹራብ ከግድግዳው ተለየ።

እናትየው ምን እንዳደረገች ኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። እጇ ግን ቆልፏል። ገመዱ ጎትቶ ከወለሉ አነሳት፤ ጫማዋ ለቅጽበት አየር ላይ ዋለ። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። ልጅቷ እላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች፤ እናትየው ታች በጣቶቿ ጫፍ ቆማለች።

«ይዤሻለሁ!» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ።»

አሠልጣኟ ከጎኗ ሆና ገመዱን አብራት ያዘችና ቀስ አድርገው አወረዷት። ሚጣ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። እናትየው አጠገቧ ተንበርክካ ክንዷን፣ ጉልበቷን፣ ራሷን ዳበሰች። ምንም አልሆነችም። አሠልጣኟ የቀሩትን ልጆች ወደ መክሰሱ ክፍል ይዛቸው ወጣች።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ቆይታ።

«ወዬ።»

«አባዬን ከታች ማን ይዞት ነበር?»

ይህን ጥያቄ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቃት አታውቅም። እናትየው አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። «ማንም። ሠራተኞቹ ቀበቶ ስጡን ብለው ጠይቀው ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲባል ሳይሰጧቸው ቀረ።»

«ቸኩሎ አይደለም የወደቀው?»

«ለምን ይቸኩላል?»

ሚጣ መዳፏን እያየች፣ «ያን ቀን ጠዋት ሲስመኝ ቶሎ ና ብዬው ነበር። ቶሎ ሊመጣልኝ ሲል የወደቀ መስሎኝ ነው» አለች። «ለጋሼ ነግሬያቸው፣ ለእናትሽ ንገሪያት አሉኝ። አንቺ ደግሞ ከደነገጥሽ ትሞቻለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። እኔ በር እየቆለፍኩ የምጠብቃት ይህን ይዛ ነው እንዴ ብቻዋን የምታድረው? ብላ አሰበች። «መወጣጫው ነው የተሰበረው» አለቻት። «እንጨቱ ነው ሚጣዬ። ሰው ሁሉ አይቶታል። አንቺ የለሽበትም፤ ስሚኝ፣ አንቺ የለሽበትም።» ተላቀሱ። ጋሼ በሩን ከፈት አድርገው አይተዋቸው፣ ያለ ድምፅ መልሰው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የአባትየው ነገር ይነሳ ጀመር። ፎቶው ከሳጥን ወጥቶ ግድግዳ ላይ ዋለ። የሚጣ ውጤትም ቀስ እያለ ተሻሻለ፤ ሒሳቡ ብቻ እስከ ዛሬ ያስቸግራታል። ሐሙስ ሐሙስ ክቡ ውስጥ አዲስ ለሚመጡ ትንንሽ ልጆች እርሳስ የምትቀርጸው እሷ ሆነች።

ግድግዳውን ግን በዓመቱ ተወችው። «ሰለቸኝ» አለች፤ ልክ እንደ ማንኛውም የዚህ ዕድሜ ልጅ። እናትየው ጆሮዋን አላመነችም። «እኔን ገመድ አስይዘሽ አንቺ ሰለቸሽ?» አለቻት። አሠልጣኟ ደግሞ ሳቀችና፣ «እርስዎስ እትዬ? ቅዳሜ የሚይዝ ሰው የለኝም» አለቻት። እዚያው ቀረች። አሁን የሌላ ሰው ልጆችን ነው የምትይዘው። አንዱ ልጅ ሲወጣ ያው ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል፤ ቋጠሮውን ሦስቴ ካልዳበሰች አታስወጣም፤ ልጆቹም ተንኮለኞች ናቸውና «እትዬ፣ አራተኛውን ረሱት!» ይሏታል።

ሚጣ ዘንድሮ ብስክሌት ጀምራለች። ማዕከሉ አሮጌ ብስክሌቶች ሰብስቦ ልጆቹ ራሳቸው እየጠገኑ ይነዷቸዋል፤ ከትልልቆቹ ጋር ሆና በዋናው መንገድ ትሄዳለች፤ አውቶቡሱ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ በሚያልፍበት። ጠዋት ስትወጣ እናትየው በሩ ላይ ቆማ የራስ መከላከያዋን ማሰሪያ አገጯ ሥር ታጠብቅላታለች።

«አነቅሽኝ እማዬ።»

«ስትደርሺ ደውይልኝ።»

«እሺ።»

«መንታ መንገዱ ጋ ወርደሽ ግፊው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ልጅቷ ትሄዳለች። እናትየው ልጇ እስክትታጠፍ ድረስ ቆማ ታያታለች፤ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ድምፁ መከፈቱን ታረጋግጣለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።